ጨው፣ ከሰልና መብረቅ

ጤነኛ ሰው ነጎድጓድ በሚበዛበት አገር ከጣሪያው በላይ የመዳብ ሽቦ ዘርግቶ፣ የሽቦውን ጫፍ በመስኮት አስገብቶ፣ ጆሮው ላይ ካጠለቀው ማዳመጫ ጋር አያገናኝም። አማተር ሬዲዮኛ ግን ያገናኛል፤ ለዚያውም ተፈትኖ፣ ፈቃድ አውጥቶ፣ ከኪሱ ከፍሎ። አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን ሰው «ሐም» ይሉታል። እኔም አንዱ ነኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው፤ እንጀራ ከነዳጅ ማደያ ሱቅ በሚገዛበት አካባቢ። በጓሮዬ ባሉት ሁለት ዛፎች መካከል 20 ሜትር ያህል ሽቦ ተወጥሮ ይታያል። ጎረቤቶቼ የልብስ ማስጫ ይመስላቸዋል። ማስጫ ነው ብያቸው አላውቅም፤ አይደለምም አላልኳቸውም።

ዝምታዬ ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1985 ባወጣው ውሳኔ ከተሞችና አውራጃዎች የአማተሮችን አንቴና በአግባቡ እንዲያስተናግዱ አዟል። የሰፈር ማኅበራትን ግን ውሳኔው አይነካቸውም። መንግሥት የፈቀደልህን አንቴና፣ የሣርህን ቁመትና የበርህን ቀለም የሚቆጣጠር ኮሚቴ ሊያስወርድህ ይችላል ማለት ነው። የእኔ ቤት እንዲህ ያለ ማኅበር ውስጥ የለም፤ ቢሆንም የውጭ አገር ስም ያለው ሰው ጓሮው ውስጥ ረጅም ሽቦ ወጥሮ ሌሊት ሌሊት ቁጥርና ፊደል ሲጠራ ቢሰማ ጎረቤት ምን ሊያስብ እንደሚችል አውቃለሁ። የልብስ ማስጫው ይሻላል።

ሌሊት ሌሊት የምጠራው ደግሞ የአገሬን ሰው ፍለጋ ነው። አምስት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ አንድ የአማተሮች ክበብ ጣቢያ አለ፤ መለያ ጥሪው ኢ-ቲ-3-ኤ-ኤ ነው። እዚያ የተቀመጠ ተማሪ ማይክሮፎኑን ሲጫን ድምፁ ከአየር ጠፈር የላይኛው ንብብር ላይ እየነጠረ፣ አህጉርና ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የእኔን የልብስ ማስጫ ይነካል። መሐል ላይ ሳተላይት የለ፣ ኩባንያ የለ፣ የወር ክፍያ የለ። ይህን ለባለቤቴ በጋለ ስሜት ስተርክላት የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ራት ላይ አጠገብህ ከተቀመጥነው ጋር የማታወራ ሰው፣ እዚያ ድረስ ሄደህ ምን ታወራለህ?»

መልሱ ያሳፍራል። የምናወራው ስለ አየሩ ጠባይና ስለ አንቴና ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ሁለቱ ርእሶች በበጋው አንድ ይሆናሉ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ቀኑ ሲወብቅ ይውልና አመሻሹ ላይ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ይጮሃል፣ ይቀደዳል። አማቴ ከአዲስ አበባ የመጡት በዚሁ ሰሞን ነው። ሻንጣቸው ሳይፈታ፣ ቡናው ሳይቆላ፣ በጓሮው መስታወት አሻግረው አዩ።

«ልጄ፣ ያ ሽቦ ምንድን ነው?»

«አንቴና ነው እማማ።»

«የቴሌቪዥን?»

«የሬዲዮ።»

«ምነው፣ ስልክ የለህም እንዴ?»

አማቴ ስለ መብረቅ የተሟላ ሕግ አላቸው፤ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሕግ ነው። ሲጮህ ቴሌቪዥን ከሶኬት ይነቀላል። ዛፍ ሥር አይቆምም። መስታወት ይሸፈናል። ከሁሉ በላይ ግን ቀይ አይለበስም፤ መብረቅ ቀይ ይወዳልና። ፊዚክስ ከእነዚህ ውስጥ የዛፉንና የሶኬቱን ያጸድቃል፤ የመስታወቱንና የቀዩን አያውቅም። ይህን ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። አማቴ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ የልጄን ቀይ ሹራብ አውልቀው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

እኔ በበኩሌ የዚያን ሰሞን ዕቅዴ አንቴናውን በወጉ ግራውንድ ማድረግ ነበር። ሥራው ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ መዳብ የተለበጠ 2 ሜትር ከ44 ሳንቲም የሆነ የብረት ዘንግ ይገዛል፣ መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ ሽቦ ይታሰርበታል፣ አለቀ። ዘንጉን ከመምታት በፊት ግን 811 መደወል ግዴታ ነው። በአሜሪካ የገዛ ጓሮውን የሚቆፍር ሰው መጀመሪያ ወደዚህ ቁጥር ይደውልና ባለሙያዎች መጥተው ከመሬት በታች የተቀበረውን ነገር በትንንሽ ባንዲራዎች ያመለክቱለታል። ቢጫው ጋዝ ነው፣ ሰማያዊው ውኃ፣ ብርቱካናማው የስልክና የኢንተርኔት መስመር፣ አረንጓዴው ፍሳሽ። የኤሌክትሪኩ ቀለም ቀይ ነው።

ባለሙያዎቹ ባንዲራቸውን ተክለው በሄዱ ማግሥት ጓሮ ስወጣ አራቱ ቀለሞች በየቦታቸው ቆመዋል፤ ቀዩ የለም። ፈልጌ ፈልጌ ወጥ ቤት፣ እቃ ማጠቢያው ሥር፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ አገኘሁት።

«እማማ፣ እነዚህን ባንዲራዎች እርስዎ ነዎት የነቀሏቸው?»

«ታዲያ! ሕፃን ባለበት ቤት፣ በመብረቅ ወር፣ ቀይ ባንዲራ ይተከላል? ጠላት ነው እንጂ ሠራተኛ እንዲህ አያደርግም።»

ቢጫውን አልነኩትም ነበር። የጋዝ ቱቦው ያለበትን።

እንደገና 811 ደወልኩ። ምልክቱ ምን ሆነ ስባል «ንፋስ» አልኩ፤ ከእውነቱ ብዙም አልራቅሁም።

የግራውንዱ ወሬ እንደ ደንቡ ከቤት ወጥቶ ሰፈር ገባ። ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ። በአገር ቤት ዕድሜያቸውን የኤሌክትሪክ መስመር ሲዘረጉ የኖሩ፣ ምሰሶ ላይ ወጥተው ያረጁ ባለሙያ ናቸው። ጡረታው ከብዷቸዋል፤ በዚህ አገር አምፖል ከመቀየር በቀር ማንም እንዲሠሩ አይፈቅድላቸውም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ እጃቸው ከክረምት የተረፈ የበረዶ ማቅለጫ ጨው በከረጢት፣ በሌላው የባርቤኪው ከሰል ይዘው በራችን ላይ ተገኙ።

«ኧርዝ ልትቀብር ነው አሉ።»

«አዎ ጋሼ።»

«በደረቁ?»

ለማያውቅ ሰው ጋሼ ምጣድ ሊጥዱ የመጡ ይመስላል። የአገራችን ኤሌክትሪሺያን ኧርዝ ሲቀብር ጉድጓዱን በጨውና በከሰል እያፈራረቀ ይሞላዋል፤ ከሰሉ እርጥበት ይይዛል፣ ጨው በእርጥበቱ ሟሙቶ አፈሩ ኤሌክትሪክን በቀላሉ እንዲያሳልፍ ያደርጋል። ዘዴው የድሮ ይሁን እንጂ የእውነት ይሠራል። ጉድለቱ ጨዉ ዝናብ በዘነበ ቁጥር እየታጠበ መሄዱና፣ ከመሄዱ በፊት ብረቱን መብላቱ ነው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው አልተከፉም። የተከፉት ከረጢቱን ከፍተው የአሜሪካኑን ከሰል ሲያሸቱ ነው። አንዱን ፍሬ በጣታቸው አደቀቁት፤ ዱቄት ሆነ።

«ይኼ ከሰል አይደለም» አሉ። «ከሰል እንዲመስል የታዘዘ ነገር ነው።»

ሁለተኛው አማካሪዬ አሜሪካዊ ናቸው። ሬዲዮኞች ጀማሪን እጁን ይዞ የሚያስተምር ነባር ሰው «ኤልመር» ይሉታል፤ የእኔ ኤልመር ሰማንያን የተሻገሩ፣ ቤታቸው ከወለል እስከ ጣሪያ በሬዲዮ የተሞላ ሰው ናቸው። መብረቅ ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው ፈገግ ብለው የመስኮታቸውን ደፍ አሳዩኝ፤ ባዶ የቃርያ መዘፍዘፊያ ብርጭቆ ጠርሙስ ተቀምጧል። ደመና ሲጠቁር የአንቴናቸውን ገመድ ከሬዲዮው ይነቅሉና ጫፉን ጠርሙሱ ውስጥ ይከቱታል። ብርጭቆ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ መብረቁ ጠርሙሱ ውስጥ ይቀራል። ለአርባ ዓመት እንዲህ አድርገዋል፤ አንድ ጊዜም አልተመቱም።

አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ኤልመሬ ያልተመቱት መብረቅ ስላልመጣባቸው ነው። ከደመና እስከ መሬት ኪሎ ሜትሮችን አየር ሰንጥቆ የወረደ ነገር የቃርያ ጠርሙስ ሲያይ «ይቅርታ፣ ዝግ መሆኑን አላወቅሁም» ብሎ አይመለስም። ይሁንና ይህ ጠርሙስ የኤልመሬ ብቻ አይደለም፤ ብዙ የድሮ ሐሞች ይምሉበታል። አማቴ ታሪኩን ሲሰሙ ስለ መብረቁ አልተከራከሩም። «ጠርሙሱ ክዳን አለው?» ብለው ጠየቁ። ለበርበሬ ፈልገውት ነው።

እንግዲህ ጋሼ ከመሬት በታች፣ ኤልመር ከመስኮት ደፍ ላይ ሆነው አንድ እምነት ይጋራሉ፤ መብረቅን የሚያስቆም ወይም የሚውጥ ነገር አለ ብለው ያምናሉ። ብዙ ሰው የሚያምነውም ይህንኑ ነው። ምድር ትልቅ ናት፣ ዘንግ ቅበርባት፣ የመጣውን ሁሉ ትውጣለች። እኔ ግን ዘንጉን ከመምታቴ በፊት አንድ ማታ ወረቀት ላይ ሒሳብ ሠራሁ፤ ከዚያ ወዲህ ምድርን እንዲያ አድርጌ አምኛት አላውቅም።

መካከለኛ የሚባል መብረቅ 30 ሺህ አምፔር ያህል ይዞ ይወርዳል። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ ኮድ አንድ ዘንግ ብቻውን ተቀብሮ እንዲበቃ የሚፈልገው ከምድር ጋር ያለው ተቃውሞ 25 ኦም ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው፤ ካለፈ ሁለተኛ ዘንግ ይጨመራል። መልካም። በ25 ኦም ውስጥ 30 ሺህ አምፔር ሲያልፍ ስንት ቮልት ይሆናል? 750 ሺህ። ሕግ አክብሮ፣ ጨው በልቶ፣ ከሰል ታቅፎ የተቀበረ ዘንግ መብረቅ ባረፈበት ቅጽበት ሦስት ሩብ ሚሊዮን ቮልት ላይ ይወጣል፤ ዙሪያውን ያለው አፈርም አብሮት። ምድር አልዋጠችም። ለጥቂት ሚሊዮንኛ ሰከንዶች ጓሮው ራሱ መብረቅ ሆኗል።

ሽቦውም አይታመንም። የመብረቅ ጅረት ከዜሮ ተነሥቶ ጣሪያ የሚነካው በጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ እንዲህ በፍጥነት የሚለወጥ ጅረት ደግሞ ወፍራም መዳብ እንኳ እንደ ልቡ አያሳልፈውም። አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ሽቦ አንድ ማይክሮ ሄንሪ ያህል ኢንደክታንስ አለው። ጅረቱ በየማይክሮ ሰከንዱ በ10 ሺህ አምፔር ቢያድግ በእያንዳንዱ ሜትር ሽቦ ጫፍና ጫፍ 10 ሺህ ቮልት ይፈጠራል። ለዚህ ነው የሚያውቁት ሰዎች ክብ ሽቦ ትተው ሰፊ የመዳብ ጥፍጥፍ የሚጠቀሙት፤ ለዚህም ነው አጭርና ቀጥ ያለ መንገድ የሚፈልጉት። ለዓይን ያምራል ተብሎ ግድግዳውን ተከትሎ በማእዘን የታጠፈ ሽቦ ለመብረቅ አይመቸውም፤ መታጠፊያው ላይ ወጥቶ በአየር ይዘላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? መብረቁን ማስቆም ካልተቻለ፣ ምድርም ካልዋጠችው? ነገሩ ያለው የቮልቱ ከፍታ ላይ አይደለም። ሕመምተኛ በቃሬዛ ተሸክመው ዳገት የሚወጡ አራት ሰዎችን ያየ ሰው ይገባዋል፤ አራቱም እኩል ከወጡ፣ እኩል ከወረዱ፣ ሕመምተኛው ተራራም ቢሻገር ምንም አይሆንም። አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ያለ ጊዜ ነው ተንሸራቶ የሚወድቀው። ሬዲዮም ሌላ ችግር የለበትም። በአንቴናው ገመድ የሚመጣው፣ በኤሌክትሪክ ሶኬቱ የሚመጣው፣ ከኮምፒዩተሩ የሚመጣው፣ ሁሉም አንድ ላይ 750 ሺህ ቮልት ቢወጡ ሬዲዮው አያውቀውም። አንቴናው ወጥቶ ሶኬቱ ዜሮ ላይ ከቀረ ግን ልዩነቱ የሚያልፈው በሬዲዮው ሆድ ነው።

ስለዚህ በጓሮ ለብቻው የተቀበረ፣ ከቤቱ ግራውንድ ጋር ያልታሰረ ዘንግ ከሌለው ይብሳል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ምድር መፍጠር ነው፤ አንዱ በአንቴናው በኩል የሚወጣ፣ ሌላው በቆጣሪው በኩል የሚቀር፣ መሐላቸው ደግሞ የእኔ ሬዲዮና፣ ክፉ ቀን ከሆነ፣ እኔ። የኤሌክትሪክ ኮዱ አንቀጽ 810 የአንቴናው ዘንግ ከቤቱ የኤሌክትሪክ ግራውንድ ጋር ከቁጥር 6 ባላነሰ የመዳብ ሽቦ ይታሰር የሚለው ለዚሁ ነው። ጋሼ የሽቦውን ልክ ሰምተው በጣታቸው መዘኑት። «ከ16 ካሬ ትንሽ ያነሰ» አሉ። ትክክል ናቸው፤ 13 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

ጋሼ ይህን የአንድነት ነገር ከእኔ ፈጥነው ተቀበሉት። ሰብስቴሽን ውስጥ የሠሩ ሰው ናቸው፤ እዚያ አጥሩም፣ ምሰሶውም፣ ትራንስፎርመሩም ከመሬት በታች በአንድ የመዳብ መረብ የታሰሩ መሆናቸውን ያውቃሉ። «ታዲያ ይኼን ብለኸኝ ቢሆን ጨዉን ለምን እሸከም ነበር?» አሉ። ከሰሉን ግን ትተውልን ሄዱ፤ ባለቤቴ ሥጋ ጠበሰችበት።

አንቴና ወደ ቤት አስገብቶ ከምድር ጋር አለማሰር ምን እንደሚያመጣ ዓለም በቶሎ ተምሯል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን የካይቱን ሙከራ ያደረገው በ1752 ነው። በዓመቱ፣ በ1753፣ ጌኦርግ ሪክማን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ሴንት ፒተርስበርግ ከሚገኘው ቤቱ ጣሪያ ላይ ብረት አቁሞ፣ ሽቦውን ወደ ክፍሉ አስገብቶ፣ ከመለኪያ መሣሪያ ጋር አገናኘው። ከምድር ጋር አላሰረውም፤ ሊለካው ነዋ የፈለገው። የሳይንስ አካዳሚው ስብሰባ ላይ ሳለ ነጎድጓድ ሰማና ሥዕል የሚቀርጽለትን ሰው አስከትሎ ወደ ቤቱ ሮጠ። ወደ መሣሪያው ጎንበስ ሲል የእሳት ኳስ ከብረቱ ዘሎ ግንባሩን መታው፤ እዚያው ሞተ። ቀራጩ ተርፎ ያየውን ተናገረ። እኔ ይህን ሰው እንደ መጀመሪያው ሐም አድርጌ አየዋለሁ፤ ነጎድጓድ ሲሰማ ወደ መሣሪያው የሚሮጥ።

(ባለቤቴ ይህን ታሪክ ስነግራት «ሚስት ነበረችው?» አለች። ነበረችው አልኳት። ከንፈሯን መጠጠች፤ ለሪክማን አይመስለኝም።)

ዘንጉን የመምታቱ ቀን የመጣው ባንዲራዎቹ ሁለተኛ ጊዜ ተተክለው፣ አማቴም ባለቤቴ ይዛቸው ገበያ ከወጣች በኋላ ነው። የዚህ አካባቢ አፈር ከላይ ሲያዩት ትሑት ቀይ ሸክላ ነው፤ ከአንድ ሜትር በታች ግን ድንጋይ ደብቋል። በመዶሻ የጀመረ ሰው የዘንጉን ራስ እንደ እንጉዳይ አጠፍጥፎ ያቆማል። እኛ የድንጋይ መሰርሰሪያ ማሽን ተከራየን። ጋሼ ማሽኑን ይዘው መሰላል ላይ ቆሙ፤ ልጃቸው እንዳያያቸው በረንዳው በኩል ጠባቂ አቁመን ነበር። ዘንጉ ገባ። ሁለተኛውም ገባ፤ ከመጀመሪያው ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፣ ምክንያቱም ተጠጋግተው ከተቀበሩ አንዱ የሌላውን አፈር ይሻማል። ጋሼ ከመሰላሉ ሲወርዱ አሥር ዓመት ቀንሰው ነበር።

ከዘንጉ ቀጥሎ ያለው ነው ዋናው፣ ግን ለማየት አያምርምና ማንም ጎብኚ አይጠይቅም። በመስኮቱ ሥር ውጭው ግድግዳ ላይ አንድ የመዳብ ሰሌዳ አለ። ከአንቴናው የሚመጣው ገመድ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት እዚያ ላይ ባለ አሬስተር ውስጥ ያልፋል። አሬስተሩ ውስጥ ጋዝ የተሞላች ትንሽ ቱቦ አለች። የእኔ ሬዲዮ 100 ዋት ነው፤ ገመዱ ላይ የሚፈጥረው ቮልት ጫፍ ቢወጣ 100 ገደማ ነውና ቱቦዋ አታየውም። ብዙ መቶ ቮልት ሲመጣ ግን ጋዙ ይቀጣጠልና መንገዱን ወደ ሰሌዳው፣ ከሰሌዳው በጥፍጥፉ ወደ ዘንጎቹ ይከፍታል። የሬዲዮው ሣጥን፣ የኃይል ማቀበያው፣ የኮምፒዩተሩ መስመር፣ ሁሉም ወደዚህ ሰሌዳ ይታሰራሉ። ማሰሪያው ክላምፕ ነው፤ በእርሳስ የተበየደ አይደለም፤ እርሳስ በመብረቅ ጊዜ ይቀልጣልና። ብዙ ሐም ሁሉን አስሮ የሚረሳት አንዲት ነገር አለች፤ የኢንተርኔቷን ቀጭን ገመድ። ሬዲዮ ከኮምፒዩተር ጋር፣ ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ጋር ከተያያዘ፣ በአንቴናው ያጣውን በር መብረቅ በዚያች ያገኛል።

ጋሼ ሥራው ሲያልቅ ቡና ይዘው ሰሌዳውን ሲያዩ ቆዩና፣ የኤሌክትሪክ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚጠይቀውን ጠየቁ።

«ይህን ሁሉ ኃይል ወደ መሬት ከምናፈስ ለምን አናጠራቅመውም?»

«ስንት ይሆናል ብለው ይገምታሉ ጋሼ?»

«አንድ ከተማ ለወር።»

አንድ መብረቅ ያለው ጉልበት ወደ 1 ቢሊዮን ጁል ይገመታል። አንድ ቢሊዮን ሲባል ያስፈራል፤ በቆጣሪ ሲነበብ ግን 280 ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ያ ሁሉ ጩኸት፣ ያ ሁሉ ብልጭታ፣ ያ ሁሉ የሪክማን ግንባር፣ 50 ዶላር ገደማ ነው። ጋሼ ቡናቸውን አስቀመጡ። «ይኼን ያህል እያጓራ?» አሉ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ነጎድጓድ ሲሰሙ እንደ ተራ ጉረኛ ነው የሚያዩት።

አማቴ በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ ነበር፤ «ትነቅለዋለህ ወይስ አትነቅለውም?» እነቅለዋለሁ። አሬስተሩ፣ ጥፍጥፉ፣ ዘንጉ፣ ሁሉም ቢኖር የተነቀለ ሬዲዮን የሚያህል የለም። የሚነቀለው ግን ቤት ውስጥ ሳይሆን ውጭ፣ ሰሌዳው ላይ ነው፤ ክፍል ውስጥ ነቅሎ ጫፉን ምንጣፍ ላይ መጣል መብረቁን ሳሎን ድረስ መጋበዝ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ቢከቱትም። ደግሞም የሚነቀለው ሳይጮህ ነው። ነጎድጓዱ ከተሰማ በኋላ እጁን ወደ አንቴና ገመድ የሚሰድድ ሰው ዘግይቷል፤ መብረቅ ከዝናቡ 15 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ጥርት ካለ ሰማይ ሥር ሊያርፍ ይችላል።

ሳይጮህ እንዴት ይታወቃል? ሬዲዮው ራሱ ይናገራል። የሩቅ መብረቅ በዝቅተኛው ሞገድ ላይ «ጭርር» እያለ ይሰማል፤ መቶዎች ኪሎ ሜትር የራቀው ሁሉ። አማቴ ይህን ከእኔ በፊት ያውቁት ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ የክረምት ከሰዓት በኋላ በመካከለኛ ሞገድ ዜና ሲሰሙ ሬዲዮኑ ሲያስነጥስ ልብስ ከማስጫ የሚያነሱ ሴት ናቸው። ማምሻውን እኔ ከአንድ የብራዚል ሰው ጋር ስለ አየር ጠባይ እያወራሁ፣ እርሳቸው ኩሽና ሆነው ጭርርታውን ያዳምጡና ይጣራሉ።

«ተጠጋ! ንቀል!»

ስልኬ ላይ ያለው የመብረቅ መከታተያ መተግበሪያ ከእርሳቸው የሚቀድመው አልፎ አልፎ ነው። የብራዚሉ ሰው አሁን ድምፃቸውን ለይቷል፤ «አማትህ ጠርተዋል፣ ደህና ሁን» ይለኛል።

አማቴ በመስከረም ተመለሱ። ለጋሼ ቤተሰብ የሚላክ፣ ለዘመድ የሚላክ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚላክ ሞልተው፣ ሻንጣው ጥግ ላይ ጥቅልል የመዳብ ጥፍጥፍ አስገቡ። ሳምንት ሳይሞላ በቪዲዮ ደወሉ። ስልኩ ወደ ሰማይ ዞሯል፤ የቤታቸው ቆርቆሮ፣ በብረት ቧንቧ ላይ የቆመው ዲሽ፣ መሰላል ላይ የወጣ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ይታየኛል።

«እማማ፣ ችግር የለውም» ይላል ልጁ ከላይ፤ «እዚህ ጓሮ ጥግ ለብቻው ብረት እቀብርለታለሁ። ጨውና ከሰል ብቻ ያስመጡልኝ።»

«ለብቻው አይሆንም!» አሉ አማቴ። «ከቆጣሪው ኧርዝ ጋር ነው የሚታሰረው። አንድ ቤት ሁለት ምድር ይኖረዋል እንዴ?»

ልጁ ወደ ታች ወደ ስልኩ አየ፤ ሌላ ባለሙያ ተደብቆ የሚነግራቸው መስሎታል። እኔ አፌን አልከፈትኩም።

«ብዙ ሽቦ ይፈጃል እኮ እማማ፣ ቆጣሪው በዚያኛው ወገን ነው።»

«ይፍጅ። ሳታጣምም ቀጥ አድርገህ አምጣው። ደግሞ ያንን ቀይ ቲሸርትህን ሳታወልቅ መሰላሌ ላይ ሁለተኛ እንዳትወጣ።»